ጥያቄና መልስ፦ የተጠቀለለ አገር መቼ ይሸፍታል?

በዚህ እትም ከወልዲያ፣ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከላሊበላ የደረሱን ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያመሩ ናቸው። አንድ መንግሥት የሌላውን አገር ወስዶ «ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ግዛት ነህ» ሲል መጠቅለል እንለዋለን። አንዱ ሕዝብ ሲጠቀለል ሠላሳ ዓመት ይዋጋል፤ ሌላው ዘንድ ጠመንጃ ሳይነሳ ዘመን ይለወጣል። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዘመን በአገራችን አቆጣጠር፣ የሌላውን እ.ኤ.አ. ብለን ጽፈናል።

ጥያቄ፣ ከወልዲያ፣ የታሪክ መምህር፦ ተማሪዎቼ «የተበደለ ይዋጋል፣ ያልተበደለ ዝም ይላል» ብለው ይደመድማሉ። ጎዋ፣ ሲኪም፣ ምሥራቅ ቲሞርና ምዕራብ ሰሐራ የተጠቀለሉት ከ1961 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱ ዝም አሉ፣ ሁለቱ ነደዱ። የሚለያቸው በደል ብቻ ነው?

መልስ፦ መምህር፣ በደል የሌለበት ጥቅለላ የለም። ሁሉም ጋ ያለ ነገር ደግሞ አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ጥቅለላው በመጣ ጊዜ በአገሩ ሰው እጅ የሠለጠነ ኃይል፣ መሣሪያና ድርጅት ነበር ወይ? ቅሬታን በድምፅ፣ በሸንጎ፣ በፍርድ ቤት ማሰማት ይቻል ነበር ወይ? ጠቅላዩስ በተከታዮቹ ዓመታት ያልሸፈተውን ሰው እንዴት ያዘው? በእኛ ሚዛን የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ስለ ጣልያንና ስለ ኤርትራ ከታች ስንመልስ ይህንኑ ያያሉ።

የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት የነበረችውን ጎዋን እንመልከት። የሕንድ ጦር በዲሴምበር 1961 ገብቶ በሁለት ቀን ውስጥ ጨረሰ። የፖርቱጋል መሪ ሳላዛር «እስከ መጨረሻው ተዋጉ» ብሎ ከሊዝበን ቢያዝም፣ አገረ ገዥው ቫሳሎ ኤ ሲልቫ ሰውንና ከተማን በከንቱ አላስጨርስም ብለው እጅ ሰጡ። የተማረከው ከ3 ሺህ የሚበልጥ ወታደር የፖርቱጋል ጦር እንጂ የጎዋ ሰው ጦር አልነበረም፤ ስለዚህ ጫካ የሚገባ ኃይል አልቀረም። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ጎዋ ወደ ጎረቤቷ የሕንድ ክፍለ ግዛት ማሃራሽትራ ትቀላቀል ወይስ ለብቻዋ ትቆይ የሚለው ክርክር አገሩን ሲያምስ፣ በጃንዋሪ 1967 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ለብቻዋ ትቆይ ያለው ወገን አሸነፈ፣ ውጤቱም ተከበረ። በ1987 ጎዋ ራሷን የቻለች የሕንድ ክፍለ ግዛት ሆነች። ቅሬታ የነበረው ሰው የሚሄድበት መንገድ ነበረው ማለት ነው።

በሂማልያ ተራሮች ትንሽ የንጉሥ አገር የነበረችው የሲኪም ነገር ይለያል። በኤፕሪል 1975 የሕንድ ወታደሮች የንጉሡን፣ የቾግያሉን፣ ጥቂት መቶ ዘበኞች ትጥቅ አስፈቱ፤ በዚያው ሳምንት በተጠራ ድምፅ 97 በመቶ ገደማ ለሕንድ ሆነ ተባለ። የችኮላ ምርጫ ነበርና ብዙ ተተችቷል። ይሁን እንጂ ከሕዝቡ አብላጫው የኔፓል ዝርያ ነበረው፣ በቾግያሉ አገዛዝም ድርሻችን ተነፍጎናል ይል ነበር። ንጉሡ ቢሸፍት ማን ይከተለው ነበር?

ምሥራቅ ቲሞርና ምዕራብ ሰሐራ ዘንድ ግን ድርጅቱ ከጠቅላዩ ቀድሞ ነበር። የሰሐራው ነፃ አውጪ ድርጅት ፖሊሳሪዮ የተመሠረተው በሜይ 1973፣ ገና እስፔን ሳትወጣ ነው። የቲሞሩ ነፃ አውጪ ድርጅት ፍሬቲሊንም ይህን ስሙን የያዘው በ1974፣ የኢንዶኔዥያ ጦር ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ አንዲት እናት፦ አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ወሎ በጣልያን መጀመሪያ ተከፋፍሎ ነበር፣ የከረረው በኋላ ነው» ይሉ ነበር። ማይጨው ላይ ከተሸነፍን በኋላ ነገሩ ለምን አላበቃም?

መልስ፦ እማማ፣ አባትዎ ያሉት ልክ ነው። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ሆነ። ሚያዝያ 7 ደሴ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዙ። ግንቦት 1 ሙሶሊኒ ከሮም ኢትዮጵያን መጠቅለሉን አወጀ። ያን ሰሞን ወሎ አንድ ልብ አልነበረውም። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ከተሸነፉና ልጅ ኢያሱ ከወረዱ ጀምሮ ከሸዋ ጋር የተቀያየመ ሰው ብዙ ነበር። ጣልያን ይህን ቂም፣ ሃይማኖትንም ጨምሮ፣ ሊነግድበት ተነሳ። ቀደም ብለው ከማዕከሉ ጋር የተቆራቆሱት ራያና አዘቦም ከማይጨው የሚመለሰውን ጦር መንገድ ላይ ወጉት።

ለጠቅላይ ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። ጣልያን ግን በገዛ እጁ አበላሸው። እንዴት እንዳበላሸው ተራ በተራ ይመልከቱት። በታኅሣሥ 1929 የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በምሕረት ቃል ገብተው ፍቼ ላይ ተገደሉ፤ ወንድማቸው ወንድወሰን ላስታ ውስጥ ተይዘው ተረሸኑ። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ሦስት ቀን ሙሉ በነገሩ እጁ የሌለበት ሰው በሺዎች ታረደ። በዚያው ወር ራስ ደስታ ተያዙና ተገደሉ። አዝማሪው፣ ጠንቋዩና ባሕታዊው «ወሬ ያዛምታሉ» ተብለው ተለቅመው ተረሸኑ። ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ።

አሁን በዚያ ክረምት አንድ ባላባት ወይም አንድ የጭቃ ሹም ምን እንዳሰበ ያስቡት። ከዚያ በፊት «ገብቼ ልደር» ማለት ዕድሜ ያስረዝም ነበር። ከየካቲት በኋላ የገባውም ያልገባውም እኩል ይሞታል። ቤት መቀመጥ ከመሸፈት እኩል ሲያስገድል፣ ሰው የሚመርጠው ቢያንስ ጠመንጃ የሚያስይዘውን ነው። በ1929 ክረምት ላስታ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት ተነሳ፤ ጎጃምም ተነሳ።

እዚህ ላይ ደግሞ ሁለቱን አገር ማስተያየት ይገባል። ደጃዝማች ኃይሉ ብዙ ሳይቆዩ ተገደሉ፣ አንገታቸውም ተቆረጠ፤ የላስታው አመጽ ዋና ጉልበት ተሰበረ። የጎጃሙ እስከ 1933 ቆየ። ላስታ ከአስመራ በኮረምና በወልዲያ አድርጎ ወደ ደሴ ከሚወርደው ዋና መንገድ ቅርብ ነው፤ ጣልያን ከሰሜንም ከደቡብም ጦር ሊያጎርፍበት ይችል ነበር። ጎጃም ግን በምዕራብ ጀርባው ሱዳን ነው። ላስታ ድፍረት አላነሰውም፤ ያጣው ደጀን ነው።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፦ ወንድሞቼ፣ ሁሉም «ተራራ ያለው አገር አይገዛም» ይላል። እኔ በየቀኑ የደሴን ቁልቁለት እወርዳለሁና ነገሩ እውነት ይመስለኛል። እናንተስ?

መልስ፦ ተራራ ምን እንደሚያደርግ በሚያውቁት መንገድ እናስላው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል። በየ2 ኪሎ ሜትሩ አንድ የጥበቃ ምሽግ፣ በየምሽጉ 20 ሰው ይቀመጥ ብንል 12 ምሽግና 240 ሰው ይፈልጋል። በዚያው ሂሳብ ከደሴ እስከ ወልዲያ ላለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ 60 ምሽግና 1,200 ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚጠብቀው አስፋልቱን ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ላይ ያለ ቀበሌ ገና አልተነካም። እያንዳንዱ ምሽግ ደግሞ ዱቄት፣ ውሃና ማገዶ ይፈልጋል። ስንቁ ካልደረሰ ወታደሩ ከገበሬው ጎተራ ይወስዳል፤ ትናንት ዝም ብሎ የነበረው ገበሬ ዛሬ ጠላት ይሆናል። ተራራ የጠቅላዩን ወጪ ያበዛል የሚባለው በዚህ ነው።

ግን ተራራ ብቻውን ጦርነት አይወልድም፣ አለመኖሩም አያስቀርም። ምዕራብ ሰሐራ ሜዳ ነው። በኖቬምበር 1975 ሞሮኮ 350 ሺህ ያህል መሣሪያ ያልያዘ ሰው በአረንጓዴው ጉዞ ካንቀሳቀሰች በኋላ፣ እስፔን ግዛቱን ለሞሮኮና ለሞሪታንያ አስረክባ ወጣች። ፖሊሳሪዮ ተራራ አልነበረውም፤ የነበረው አልጄርያ ውስጥ ቲንዱፍ ላይ ያለ ደጀን፣ መኪናና በረሃን በሌሊት የሚያቋርጥ ሰው ነው። መጀመሪያ የመታው ደካማዋን ሞሪታንያን፣ በተለይም ከዙዌራት ማዕድን ብረት የሚያወጣውን የባቡር መስመር ነበር። የሞሪታንያ ገቢ ተናጋ፣ በ1978 መንግሥቷ በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ፣ በ1979 ሰላም ፈርማ ወጣች።

ሞሮኮ መልስ ያገኘችው በአሸዋ ነው። ከ1980 እስከ 1987 ድረስ ከፊት ወደ ፊት እየገፋች 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የአሸዋና የድንጋይ ካብ ሠራች። ካቡ ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ ቁመቱ ብዙ ቦታ ከሁለት ሰው አይበልጥም። ሥራውን የሚሠራው ከፊቱ የተቀበረው ፈንጂ፣ በየርቀቱ ያለው ምሽግና ራዳር ነው። መኪና ካቡን ለመጣስ መቆም አለበት፤ በቆመባት ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ከኋላ ያለው ኃይል ይደርሳል። ደጀኑ አልተነካም፣ ከደጀን ወደ ግንባር የሚወስደው መንገድ ግን ተዘጋ። በ1991 ተኩስ አቁም ሆነ፤ በኖቬምበር 2020 እንደገና ፈረሰ።

የተገላቢጦሹን ሊትዌንያ ታሳያለች። ሶቪየት ኅብረት በ1940 ጠቀለለቻት፤ ጀርመን መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ከ1944 ጀምሮ የጫካ ወንድሞች የሚባሉት አርበኞች እስከ 1953 ገደማ ተዋጉ። ጫካው እንደልብ ነበር፣ ወዳጅ የሆነ ድንበር ግን በየትም በኩል አልነበረም። ያሸነፋቸው ከጥይቱ ይልቅ የዳቦ ነገር ነው። በማርች 1949 ከሦስቱ የባልቲክ አገሮች ከ90 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሳይቤርያ ተጋዘ፤ የቀረው ገበሬ በኅብረት እርሻ ታቀፈ። ማታ ለአርበኛ እንጀራ የምታወጣ ቤት ስትጠፋ ጫካው ባዶ ሆነ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ኤርትራ የተዋሐደችው በ1955 ነው፤ ጦርነቱም ያኔ ጀመረ ተብለን ተምረናል። ታዲያ ለምን ወዲያው አልተባባሰም?

መልስ፦ እህታችን፣ አብሽሪ፣ ጥያቄሽ ብዙ አዋቂ የሚስተውን ነጥብ ይዟል። የመጀመሪያው ጥይት ከ1955 ይቀድማል። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ሲጀምር ኤርትራ የራሷ ሸንጎ፣ ባንዲራ፣ እንዲሁም ትግርኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋዎች ነበሯት። እነዚህ አንድ በአንድ ተነሱ። በ1950 የሠራተኞች አድማ በጥይት ተበተነ፣ በ1951 ባንዲራው ወረደ፣ በ1952 የመንግሥቱ ስም ወደ «አስተዳደር» ዝቅ አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ካይሮ ውስጥ ጀብሃ (የኤርትራ ነፃ አውጪ ግንባር) ተመሠረተ። ነሐሴ 26 ቀን 1953 ሐሚድ ኢድሪስ አዋተ አዳል ተራራ ላይ የመጀመሪያውን ጥይት ተኮሰ። ሸንጎው ተዘግቶ ውሕደቱ የታወጀው ኅዳር 5 ቀን 1955 ነው። ጥይቱ 14 ወር ቀደመ።

ያኔ ግን ሸማቂው ጥቂት ሰው፣ መሣሪያውም አሮጌ ነበር። መባባሱ በሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስቱም ጊዜ ከሰላማዊ ሰው መመታት በኋላ። በ1959 በቆላው ሠራዊቱ መንደር አቃጥሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ የተሰደደው ቤተሰብ ለተዋጊው ደጀን ሆነለት። በ1963 አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ እነ ኦና የመሳሰሉ መንደሮች በእሳት ጋዩ። በጥርና በየካቲት 1967 አስመራ ውስጥ በደርግ ዘመን ግድያው ሲበረታ፣ እስከዚያ የከተማ ትምህርቱን ይከታተል የነበረ ወጣት በጅምላ ወደ ሜዳ ወጣ። በደጋው ክርስቲያንና በቆላው ሙስሊም መካከል የነበረው ልዩነት ለመንግሥት ይጠቅመው ነበር፤ ጭፍኑ ቅጣት ያንን ልዩነት አጠበበው። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ እስከ ግንቦት 1983 አልቆመም።

ስለዚህ ለፈተናሽ «1955» ብለሽ አታቁሚ። 1945፣ 1953፣ 1955፣ 1959ና 1967 አንድ ላይ ካልተነበቡ መልሱ ጎዶሎ ነው።

ጥያቄ፣ ከላሊበላ፣ አስጎብኚ፦ ደጀንና ድንበር ይህን ያህል ከወሰኑ፣ በባሕር የተከበበችው ምሥራቅ ቲሞር እንዴት 24 ዓመት ቆየች?

መልስ፦ ለደጀን ሐሳባችን ትልቁ ፈተና ይህ ነው። የቲሞር ምዕራባዊ ግማሽ ራሱ ኢንዶኔዥያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ባሕር። ስንቅም ጥይትም ከውጭ የገባላቸው የለም ማለት ይቻላል።

የጀመሩት በፖርቱጋል መሣሪያ ነው። ፖርቱጋል ስትወጣ በቅኝ ግዛቱ ጦር ውስጥ የሠለጠኑት ቲሞራውያን ወደ ፍሬቲሊን ዞሩ፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱንም ያዙ። ኢንዶኔዥያ ዲሴምበር 7 ቀን 1975 ገባች፣ በጁላይ 1976 ጠቀለለች። ፍሬቲሊን ሕዝቡን ይዞ ተራራ ወጣ። እዚያ ላይ ትልቅ ጉዳት ደረሰ፦ በ1977ና በ1978 አውሮፕላን እርሻውን ሲመታ፣ ጦር ተራራውን ሲከብ፣ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። የአገሩ የእውነት ኮሚሽን ከ1974 እስከ 1999 ከግጭቱ የተነሳ የሞተውን ቢያንስ 102,800 አድርጎ ሲቆጥር፣ 84,200ው በረሃብና በበሽታ ነው። የማቴቢያን ተራራ በኖቬምበር 1978 ወደቀ፤ መሪው ኒኮላው ሎባቶ በዲሴምበር 31 ተገደለ። በወታደር ዓይን ጦርነቱ ያን ቀን አልቋል።

የተረፉት ግን አሠራራቸውን ለወጡ። በሻናና ጉዝማው መሪነት ተራራ ላይ ጥቂት መቶ ተዋጊ ብቻ ቀረ፤ ክብደቱ ወደ ከተማ ስውር መረብ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ተማሪዎች ዞረ። የተባበሩት መንግሥታት ጥቅለላውን አልተቀበለም ነበርና በሩ አልተዘጋም። ኖቬምበር 12 ቀን 1991 በዲሊ ሳንታ ክሩዝ መቃብር ላይ ወታደሮች በወጣቶች ላይ ሲተኩሱ በፊልም ተቀርጾ ዓለም አየው። በኦገስት 1999 ድምፅ ከሰጠው 78.5 በመቶው ነፃነትን መረጠ። ቲሞር ያለ ድንበር የቆየችው ጠመንጃውን በማብዛት አልነበረም። ያለ ደጀን በጠመንጃ ብቻ የቆየበት ዘመን በሦስት ዓመት አልቋል።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ ጡረታ የወጡ የመቶ አለቃ፦ የተሸነፈን ጦር ወዲያው በትኖ ትጥቅ ማስፈታት ተቃውሞ ያጠፋል ወይስ ያባብሳል?

መልስ፦ ጋሼ፣ አበታተኑ ይወስነዋል። ጃፓን የኮርያን ጦር ኦገስት 1 ቀን 1907 በተነች። የአንድ ሻለቃ አዛዥ ፓክ ሱንግህዋን በዚያው ጠዋት ራሱን ገደለ፤ ወታደሮቹ ግምጃ ቤት ሰብረው ሴኡል ላይ ተዋጉ፣ የተረፉት ጠመንጃቸውን ይዘው «የጽድቅ ጦር» ወደሚባሉት የገበሬ ሸማቂዎች ተቀላቀሉ። እስከዚያ በቀስትና በአሮጌ ጠመንጃ ይዋጋ የነበረ ገበሬ የሠለጠነ አዝማች አገኘ። ሥራ፣ ደመወዝና ክብር በአንድ ጠዋት ያጣ ወታደር ምን እንደሚያደርግ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ጃፓን በ1909 ደቡቡን በዘመቻ ጠርጋ፣ በኦገስት 1910 ስትጠቀልል አገሩ ጸጥ ያለ መሰለ፤ የቀሩት ማንቹርያ ተሻግረው ነበር።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አገሮችን ሳወዳድር የት ልሳሳት እችላለሁ?

መልስ፦ ትልቁ ስህተት የተዋጉትን ብቻ መሰብሰብ ነው። ኤርትራን፣ ቲሞርንና ሰሐራን ብቻ ከያዝክ፣ ሦስቱም ጋ ያገኘኸው ነገር ሁሉ ምክንያት ይመስልሃል። ጎዋንና ሲኪምን አስገባ። አሜሪካ የጠቀለለቻትን ሃዋይንም አስገባ፤ በ1897 ከ21 ሺህ በላይ ሰው ጥቅለላውን ተቃውሞ ፈርሞ ነበር፣ የዘውዱ ዘበኛ ግን በ1893 ተበትኗል፣ በ1895 የተነሳው አመጽም በቀናት ከስሟል። ዝም ያለ ሁሉ አልተስማማም፤ ስለዚህ «መቃወም»ንና «በትጥቅ መቃወም»ን በሁለት ዓምድ ለይተህ መዝግብ።

ሠንጠረዥህን በአገር ሳይሆን በዓመት ክፈለው። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ረድፍ ይኑር፦ የተዋጊው ብዛት ግምት፣ ድንበር ክፍት ነው ዝግ፣ ሸንጎ ወይም ምርጫ አለ የለም፣ ጅምላ ቅጣት ተፈጽሟል አልተፈጸመም። ቅጣቱና መባባሱ በአንድ ረድፍ ከገቡ የትኛው እንደቀደመ አታውቅም፤ በተቻለ መጠን ወሩንም ጻፍ። የኤርትራን 1959 እና የጣልያንን የካቲት 1929 በወር ካልለየህ፣ ነቃፊ «ቅጣቱ የመጣው አመጹ ስለባሰ ነው» ሲልህ መልስ አይኖርህም።

ሰዓትህን ከጥቅለላው ቀን አታስጀምር። ኮርያን ከ1910 የሚቆጥር ሰው «ብዙም አልተዋጋችም» ይላል፤ ከ1907 የሚቆጥር የተለየ አገር ያያል። ከጥቅለላው አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሂድ።

መጨረሻ ላይ የዘመን መለወጫውን ተጠንቀቅ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ይቀነሳል። አዋተ የተኮሰበት ሴፕቴምበር 1 ቀን 1961 በእኛ ገና ነሐሴ 26 ስለሆነ 1953 ነው። 7 ብቻ ከቀነስክ 1954 ትጽፋለህ፤ በመጀመሪያው ጥይትና በውሕደቱ መካከል ያለው 14 ወር በሠንጠረዥህ ላይ ወደ 2 ወር ይወርዳል።